ለፕሮሞሽን የተጻፈ ፔፐር ኢኽላስ (ለአላህ ብቻ ብሎ መሥራት) አለው ወይ? (ጥያቄው እና እስካሁን የመጡት መልሶች)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ክሩ (ውይይቱ) በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገባው ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ጭቅጭቅ ብቻ አይቶ ከመሃል ተነስቶ መሳደብ ጀምሯል፣ ስለዚህ ጥያቄዬን ደግሜ ላስቀምጥና መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ቃል በቃል የፈለገ ወርዶ ያንብብ። የማንንም ስም አልጠራም። አንዳንዱ ላይ የራሴን ጣል ማድረጌ አይቀርም፣ ቻሉኝ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። ዩኒቨርስቲ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ፔፐር እጽፋለሁ፣ ተማሪ አማክራለሁ። ሥራ በኒያ (በልብ ሐሳብ) እንደሚመዘን ሁላችንም እናውቃለን፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ነው፣ ኢማም ቡኻሪ ሶሒሕ የሚባለውን የሐዲስ ስብስባቸውን የከፈቱበት፣ ኢማም ነወዊም አርባ ሐዲሳቸውን የጀመሩበት። ወደ ኢልም (እውቀት) ስንመጣ ግን ነገሩ የበለጠ ያስፈራል። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም የዘገቡት የአቡ ሁረይራ ሐዲስ ላይ የቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሶስት ሰዎች አንዱ ተምሮ ያስተማረ፣ ቁርአን የቀራ ሰው ነው። ላንተ ብዬ ነው የተማርኩት ሲል ዋሸህ ይባላል፣ ዓሊም (አዋቂ) እንዲሉህ ነበር፣ ብለውልሃል፣ ከዛ በፊቱ ተጎትቶ ወደ እሳት። ሒሳቡን እዚሁ ዱንያ ላይ ተቀብሎ ጨርሷል ማለት ነው።

የኛ ሥራ ደግሞ ሁሉ ነገሩ እንዲባልልን ተብሎ የተሰራ ነው የሚመስለው። ፔፐር ይቆጠራል፣ ሳይቴሽን (ስንት ሰው ጠቀሰህ የሚለው) ይቆጠራል፣ በ2005 ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ባመጣው ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ ሰውየው ራሱ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። ስኮላርሺፕ ስታመለክት ስለራስህ ሁለት ገጽ ጻፍ ትባላለህ፣ ራስህን ካላሞገስክ አታልፍም። የሌሊት ሶላትህን ደብቀህ መስገድ ትችላለህ፣ ፔፐርህን ደብቀህ ግን ፕሮሞሽን የለም። ታዲያ እንዲህ ባለ ሕይወት ውስጥ ኢኽላስ በየት በኩል ነው የሚገባው? ይቻላል ወይስ ራሳችንን እየሸወድን ነው? ይሄ ነው ጥያቄው።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። ጥያቄው ማስጨነቁ በራሱ ኸይር ምልክት እንደሆነ፣ ኒያ አንዴ ተይዞ የሚቀመጥ ነገር ስላልሆነ ሁሌ መታደስ እንዳለበት መከረኝ። የጥንቱ ዓሊም ሱፍያን አስ-ሰውሪ እንኳ ከኒያዬ የበለጠ ያስቸገረኝ ነገር የለም፣ ይገለባበጥብኛል ማለታቸውን አስታውሶ ዱዓ አድርጎልኝ ወጣ። ጀዛሁላሁ ኸይር።

መልስ 2 ጭንቀቴ ከመነሻው ቦታውን ስቷል ባይ ነው። እነዚያ ማስፈራሪያዎች የመጡት ስለ ዲን ኢልም ነው፣ የአላህ ፊት የሚፈለግበትን ኢልም ለዱንያ ጥቅም የተማረ የጀነትን ሽታ አያገኝም የሚለውም ራሱ ለይቶ ነው የተናገረው፣ ኬሚስትሪና ኢኮኖሚክስ ለደሞዝ ብሎ የተማረ ሰው እንደማንኛውም ሐላል ሠራተኛ ነው፣ ማንም አናጢን ለምን ለገንዘብ ትሠራለህ ብሎ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ተረጋግተህ ፕሮሞሽንህን ውሰድ የሚል ነው ሐሳቡ። ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር ያነበብኩት።

መልስ 3 ግን ለ2 እርማት ይዞ መጣ፣ በትህትና ነው ግን አልራራም። አንደኛ፣ 2 የጠቀሰው ሐዲስ ሙስሊም ላይ ሳይሆን አቡ ዳውድና ኢብን ማጀህ ላይ ነው ያለው (2 ሙስሊም ብሎ ነበር የጻፈው፣ በኋላ አስተካክሎታል)። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ትክክል ነው፣ የዱንያ ትምህርትን ለእንጀራ መማር ወንጀል አይደለም፣ ነገር ግን ወንጀል አለመሆንና አጅር (የአላህ ምንዳ) ማግኘት ለየቅል ናቸው። የዑመር ሐዲስ ላይ ለሴት ብሎ የተሰደደው ሰው ትዳሩ ሐራም አልተባለም፣ ስደቱ ወደተሰደደበት ነገር ነው ነው የተባለው። ስለዚህ ያው ኬሚስትሪ ሰው ልጥቀም ብሎ ለያዘው ዒባዳ ይሆንለታል፣ ሌላው ደሞዙን ይበላል፣ ሁለቱም ላብራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ ቱቦ ነው የሚያጥቡት። ይሄ መልስ ነገሩን በደንብ ለያየልኝ።

መልስ 4 ማሻአላህ ጠቃሚ ውይይት ከማለት ውጪ የለበትም።

መልስ 5 ረጅም ነው፣ የኢማሙል ገዛሊን ታሪክ ነው ያመጣው። በ1091 ሚኒስትሩ ኒዛሙል ሙልክ የባግዳዱ ኒዛሚያ ትምህርት ቤት ላይ ሾማቸው፣ በዛ ዘመን አንድ ዓሊም ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ወንበር ነው። አራት ዓመት እንዳስተማሩ ማስተማራቸውን መለስ ብለው ሲመረምሩ ኒያቸው ለአላህ የጠራ እንዳልሆነ፣ የሚገፋቸው ማዕረግና ዝና ፍለጋ እንደሆነ አገኙት፣ ይሄንን ማንም አልከሰሳቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ስድስት ወር ገደማ ልሂድ ልቅር ሲሉ ቆዩ፣ ጠዋት የቆረጡት ማታ ይፈርሳል፣ በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ፣ ለማስተማር ተቀምጠው ቃል አልወጣ አለ፣ ምግብ አልወርድ አለ፣ ሐኪሞቹም ነገሩ ከልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። በ1095 ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው ወደ ሻም (ሶሪያ) ወጡ። 5 ይሄን ሁሉ ከተረከ በኋላ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ዛሬ ወንበሩን ለቆ የሚሄድ ፕሮፌሰር አለመኖሩ ሁላችንም ገዛሊ ያወቁት በሽታ እንዳለብን ማስረጃ ነው የሚል ሆነ፣ ትንሽ ስብከት ነገር።

መልስ 6 እዚህ ላይ ነው ድምፁን ከፍ ያደረገው። 5 ታሪኩን ግማሽ ላይ እንደቆረጠው፣ ገዛሊ በ1106 ኒሻፑር ኒዛሚያ ላይ ተመልሰው እንዳስተማሩ፣ ሲመለሱም ድሮ ማዕረግ የሚገኝበትን ኢልም ነበር የማስተምረው አሁን ግን ማዕረግ የሚተውበትን ነው እንዳሉ፣ ሲወጡም ለልጆቻቸው የሚበቃ አስቀርተው ነው የወጡት እንጂ ቤተሰብ በትነው እንዳልሄዱ ነገረው። ከዛም የጥንቱን ዓሊም ፉደይል ኢብን ዒያድን አመጣ፣ ሰዎች ያዩኛል ብሎ ሥራን መተውም ሪያእ (ይዩልኝ) ነው፣ ለሰዎች ብሎ መሥራት ደግሞ ሽርክ ነው፣ ኢኽላስ አላህ ከሁለቱም ሲጠብቅህ ነው። ይዩልኝን ፈርቶ ከሥራ የሚሸሽ ሰው ያው ስለ ሰው አይን እያሰበ ነው አይደል? በዚህ ተስማምቻለሁ። ግን 6 ቀጥሎ ለ5 ከኮርስ ከወደቅክ በኋላ ነው ወይ ዙህድ (ዱንያን መናቅ) የመጣብህ የሚመስል ነገር ጨመረበት፣ አላስፈላጊ ነበር። 5 ከዛ በኋላ አልተመለሰም።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ያው ራሳችንን ስለመመርመር ነበር፣ ሁሉም ሰው ስለራሱ ልብ ነው የሚያወራው፣ ደህና ነበር።

መልስ 7 የአንዲት ተማሪ ናት። ስለ ልብ አይደለም የጻፈችው፣ ስለ አንድ ፋይል ነው። አንድ ጥናት ላይ ሠርታለች፣ መጠይቁን ከአማካሪዋ ጋር ቁጭ ብላ ነው ያዘጋጀችው፣ ቃለ መጠይቆቹን ራሷ ቀድታ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ መልሳ እየሰማች ነው ወደ ጽሁፍ የገለበጠችው፣ ትንተናውንም ግማሹን እሷ ነች የሠራችው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከርዕሱ ስር አራት ስም አለ፣ ሁለተኛዋ እሷ ናት። የሁለተኛው ረቂቅ ፋይል ሲመጣ ስሞቹ ሶስት ሆነዋል፣ እሷ መጨረሻ ገጽ ምስጋና ላይ ዳታ በመሰብሰብ ላገዘችን ተብላ ወርዳለች። ታትሞ ሲወጣ ምስጋናው ራሱ የለም፣ ጆርናሉ የቃላት ብዛት ስለወሰነ ተቆርጧል ተባለ። ሄዳ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ነው እንግዲህ ጉዱ፣ ለአላህ ብለሽ ከሠራሽ ስምሽ ምን ያደርግልሻል፣ ኢኽላስሽን አታበላሺ ተባለች። እሷ መልስ እንኳን አልጠየቀችም፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ኢኽላስ የሚለውን ደርስ ስሰማ ልቤ ይዘጋል፣ ይሄ ወንጀል ይሆንብኛል ወይ ብላ ነው የጠየቀችው።

መልስ 8 ሶብር አድርጊ እህቴ፣ አላህ ዘንድ አይጠፋም፣ ምናልባትም ሥራሽ ስለተደበቀ አጅርሽ ሙሉ ሆኖ ይጠብቅሻል በሚል መንፈስ አጽናናት። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ግን ያው የተናገራትን ሰው ንግግር ነው ለስለስ አድርጎ የደገመላት።

መልስ 9 ተቆጣ፣ ወላሂ እኔም አልፈረድኩበትም። ለ8 የጻፈለት፣ ሶብር የሚመከረው ለተበዳይ ብቻ ከሆነ በዳዩን ማን ነው የሚመክረው የሚል ነው። ከዛ ማስረጃ አወረደ። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን 188ኛው አንቀጽ ላይ ባልሠሩት ነገር መመስገንን የሚወዱ ሰዎች ከቅጣት ያመልጣሉ ብለህ አታስብ ተብሏል፣ ያልሠራኸው ፔፐር ላይ ስምህን ማስቀመጥ ከዚህ በላይ ምን አለ አለ። ቀጥሎ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ ያለውን የአስማእ (ረ.ዐ) ሐዲስ፣ አንዲት ሴት ባሌ ያልሰጠኝን ሰጠኝ ብዬ ጣውንቴ ፊት ብኩራራ ብላ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ ባልተሰጠው ነገር የጠገበ የሚመስል ሰው ሁለት የውሸት ልብስ እንደለበሰ ነው ያሏትን። 9 እንደሚለው ብዙ ሲቪ የዚህ ልብስ መደርደሪያ ነው። ከዛ በኋላ ግን አማካሪዎችን በጅምላ ሌባ ብሎ ጨረሰው።

መልስ 10 እንደሚገባኝ አማካሪ የሆነ ሰው ነው፣ ተነክቷል። ሐሳቡን ማን አመጣው፣ ፈንዱን ማን ለመነው፣ ተማሪው ሁለት ወር ሠርቶ የአስር ዓመት ሰው እኩል ስም ይፈልጋል፣ ለስም እንዲህ ከሞትሽ ድሮም ኒያሽ ለአላህ አልነበረም ብሎ ለ7 ራሷ ጻፈላት። እዚህ ላይ ነው ክሩ የፈነዳው። አድሚኑ ሁለት አስተያየት አጥፍቷል፣ ቁጥር ሳያገኙ ነው የጠፉት ስለዚህ አልቆጠርኳቸውም።

መልስ 11 ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ሃይማኖቱን ሳይነካ የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴን መመዘኛ ዘረዘረ፣ በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው የጀመሩት ማለት ነው። ኦተር (የፔፐሩ ጸሐፊ) ለመባል አራቱም መሟላት አለባቸው፣ ሐሳቡ ላይ ወይ ዳታው ላይ ወይ ትንተናው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም ቁም ነገር ያለው እርማት ማድረግ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። በዚህ መሰረት ለ10 ፈንድ ማምጣት ብቻውን ኦተር አያደርግህም፣ ለ9 ደግሞ ዳታ መሰብሰብ ብቻውንም አያደርግም። ግን የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው በመጻፉና በማጽደቁ ላይ የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ መመሪያው ራሱ ይናገራል፣ ረቂቁን ደብቀህበት ከዛ አልጻፈም ብለህ ማስወጣት አትችልም። 7 መጠይቅ አዘጋጅታ ትንተና ሠርታ ከሆነ ዕድሉ ነው የተነፈጋት። እንዲህ ቁጭ አድርጎ መናገር ደስ ይላል፣ 10 ለዚህኛው ምንም አልመለሰም።

መልስ 12 ነው እንግዲህ እኔ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው። ሁለት ማስረጃ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ ሱረቱል ኢንሳን ላይ ሚስኪን የሚያበሉ ሰዎች ለአላህ ብለን ነው፣ ከናንተ ዋጋም ምስጋናም አንፈልግም የሚሉበት ነው። ሌላው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት፣ ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚለው። የመጀመሪያው የሚያናግረው ሰጪውን ነው፣ ሁለተኛው ተቀባዩን። ምስጋና አልፈልግም ማለት ያለበት የሠራው ሰው ነው፣ በራሱ አፍ፣ በራሱ ፈቃድ። የተሠራለት ሰው የሰጪውን አንቀጽ ቀምቶ ምስጋና አትፈልጊ ሲላት ግን ሐቋን በልቶ ሲያበቃ በቁርአን አፉን እየጠረገ ነው። ለ7ም መለሰላት፣ ልብሽ የተዘጋው ከኢኽላስ አይደለም፣ ኢኽላስን ከያዘው ሰው ነው፣ ሐቅሽን መጠየቅ ኒያሽን አያበላሽም፣ ገበያ ላይ ሒሳብሽን ብትጠይቂ ነጋዴው ለአላህ ካልሽው ምን ይሠራልሻል አይልሽም።

እኔ ጥያቄውን ስጽፍ ይሄ ጎኑ ፊቴ ላይ አልነበረም፣ ይዩልኝን ብቻ ነበር የማየው። ዩኒቨርስቲ ውስጥ ግን ኢኽላስ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ዲኑ ባይጠቀስም ያው ነው፣ ለሳይንስ ብላችሁ፣ ለሙያው ፍቅር ብላችሁ እየተባለ ደሞዝ የሌለው ሥራ የሚሠራው ሁሌ ታናሹ ነው። ለራስህ የምትይዘውን ሚዛን ሰው ላይ ስትጥለው ምን እንደሚሆን 7 አሳየችን። ከዚህ ወዲያ ያሉትን መልሶች ሳነብ በዚህ አይን ነው ያነበብኳቸው፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

መልስ 13 ወደ ጎን ወሰደን። ሰርተፍኬቱን በየጊዜው ፖስት የሚያደርግ፣ ኮንፈረንስ በሄደ ቁጥር አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ባጅ ፎቶ የሚነሳ አንድ ኡስታዝ አለ ብሎ ስሙን ሊጠራ ሲል በአላህ ተወው ተባለ። መልስ 14 ሙስሊም ላይ ያለውን የኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) ታሪክ አስታወሰው፣ ሸሃዳ ያለውን ሰው ሰይፍ ፈርቶ ነው ያለው ብሎ ሲገድለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ቀደህ አይተሃል ወይ እያሉ ደጋግመው እንደተቆጡት። ሰርተፍኬት የለጠፈውን ሰው ልብ ቀደህ ካላየህ ዝም በል ነው ነገሩ። 13 ልብ አላይም ግን ፎቶ አያለሁ ብሎ ቀለደ፣ ሳልስቅ አልቀረሁም።

መልስ 15 እዚያው ላይ ጨምሮ፣ አቡ ዘር (ረ.ዐ) የዘገቡት ሙስሊም ላይ ያለ ሐዲስ እንዳለ ነገረን። ሰው ኸይር ሥራ ሠርቶ ሰዎች ቢያመሰግኑትስ ተብለው ሲጠየቁ ይሄ ለሙእሚን የተፋጠነ ብስራት ነው ብለዋል። ምስጋና መምጣቱና ምስጋናን አድኖ መሄድ የተለያየ ነው። ኢማሙ ሻፊዒይም ሰው ይሄን ኢልም ተምሮ አንድም ፊደል ወደ እኔ ባይጠጋ ደስ ባለኝ ይሉ ነበር፣ ሆኖም ሥራቸው እስከ ዛሬ በስማቸው ነው የሚጠራው፣ እሳቸው ስላሉ ሰው ስማቸውን አልፋቀም፣ ተማሪዎቻቸው ከሻፊዒይ ሰማን እያሉ ነው ያስተላለፉት። ልብ በሉ፣ ከ12 ጋር የተያያዘ ነው፣ እሳቸው አልፈልግም አሉ፣ ተማሪዎቹ ደግሞ ሐቃቸውን ሰጡ።

16 እና 17 ቁርአን አስተምሮ ደሞዝ መውሰድ ይቻላል ወይ ወደሚለው ገቡ። 17 ቡኻሪ ላይ ያለውን የኢብን ዓባስ (ረ.ዐ) ሐዲስ፣ ክፍያ ከወሰዳችሁበት ነገር ሁሉ የበለጠ ተገቢው የአላህ ኪታብ ነው የሚለውን ጠቅሶ፣ ዑለማዎች ግን ተለያይተውበታል ብሎ ዘጋው። ሌላ ክር የሚገባው ነገር ነው።

መልስ 18 ያመጣው ሐሳብ አዲስ ነበር። አካዳሚ ውስጥ የተደበቀ ሥራ የለም ያልኩትን አልተቀበለውም፣ ሪቪው (የሰው ፔፐር ከመታተሙ በፊት መገምገም) አለ አለኝ። የማታውቀው ሰው ፔፐር ይላክልሃል፣ ማንነትህን አያውቅም፣ አይከፈልህም፣ እንደ ፔፐር አይቆጠርልህም፣ ሶስት ገጽ አስተያየት ስትጽፍ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ድምር እንደማይገጥም ካልኩሌተር ይዘህ አረጋግጠህ ስትነግረው አመሰግናለሁ የሚልህ ስም የለሽ ሪቪወር 2 ብሎ ነው። የአላህ ጥላ ከሚያጠልላቸው ሰባት ሰዎች ውስጥ ቀኙ የሰጠውን ግራው እስካታውቅ ድረስ ደብቆ ሰደቃ የሰጠ ሰው አለ፣ ለዓሊም የቀረበው የድብቅ ሰደቃ ይሄ ነው ይላል። እኔ እኮ ሪቪው ሲመጣብኝ የምሸሽ ሰው ነኝ።

መልስ 19 ግን ለዚህ ሳቀበት። በጨለማ ሰደቃ የሚሰጠውም በጨለማ የሚሰርቀውም ያው ጨለማ ነው የሚጠቀመው፣ የኔን አምስት ፔፐር ካልጠቀስክ አላሳልፍህም የሚል ሪቪወር፣ ተፎካካሪውን ስምንት ወር አስቀምጦ የሚያዘገይ ሪቪወር ማን ያውቀዋል አለ። 18 ለዚህ የመለሰው አጭር ነው፣ ለዛ ነው እኮ ፈተና የሚሆነው የሚል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

መልስ 20 የዚህ ክር ሁለተኛው ጥሩ መልስ ነው ለኔ። ሙስሊም ላይ ያለውን የእህል ክምር ሐዲስ ነው የያዘው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በአንድ ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ከተቱ፣ ጣታቸው እርጥበት ነካ፣ ምንድነው ይሄ ሲሉት ዝናብ መትቶት ነው አለ ባለቤቱ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም፣ ያታለለ ከኔ አይደለም አሉት። ልብ ብላችሁ ከሆነ እህሉን አትሽጥ አላሉትም። 20 የሚለው ይሄ ነው፣ እርጥብ ዳታ ያልነካው ተመራማሪ የለም፣ ጥያቄው ከላይ ነው ያስቀመጥከው ከስር ነው። የራሱን ተረከ። መጠይቆች ሲያገላብጥ ከአንድ አካባቢ የመጡት ላይ ምልክቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ሆኑበት፣ እስክሪብቶው አንድ፣ ስድስተኛው ጥያቄ በሁሉም ላይ ተዘሏል፣ ዕድሜ የሚለው ላይ 30፣ 35፣ 40፣ 45 እንጂ ሌላ ቁጥር የለም። ሰብሳቢው ቁጭ ብሎ ራሱ ነው የሞላው። እነዚያን ሲያወጣቸው ሲያኮራው የነበረው ውጤት ልፍስፍስ አለ። ማንም አላየም፣ ማንም አይጠይቅም። አንድ የሥራ ባልደረባው መጨረሻ ላይ ውስንነቶች የሚለው ክፍል ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ወርውራት፣ እዛ ማን ያነበዋል አለው። እሱ ማጠቃለያው ላይ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የጻፈው። የላከበት ጆርናል መለሰበት፣ በኋላ ሌላ ትንሽ ጆርናል ወሰደው፣ እስካሁን ብዙ ሰው አልጠቀሰውም።

ይሄን ሳነብ ጥያቄዬ የተመለሰልኝ መሰለኝ፣ ቢያንስ ግማሹ። ፕሮሞሽን ፈልገህ ጀምረህ ሊሆን ይችላል፣ ልብህ ውስጥ ያለውን አንተም በቅጡ አታውቀውም፣ እርጥቡን እፍኝ ከላይ ለማድረግ ወይም ከስር ለመቅበር ስትወስን ግን እዛች ቦታ ላይ ታየዋለህ።

መልስ 21 የሐዲስ ተማሪ ነው፣ 20ን ደግፎ የተድሊስን ነገር አነሳ። የሐዲስ ሰዎች አንድ ዘጋቢ በቀጥታ ያልሰማውን የሰማ አስመስሎ፣ መሃል ላይ ያለውን ደካማ ሰው ዘሎ ሲናገር ተድሊስ ብለው ይይዙታል፣ የጥንቱ የሐዲስ ሊቅ ሹዕባ የውሸት ወንድም ነው እስኪሉ ድረስ። ዛሬ ደግሞ ዋናውን ምንጭ ሳትከፍት ከሌላ ሰው ፔፐር ላይ ሳይቴሽኑን ገልብጠህ ያነበብክ ማስመሰል አለ፣ ሁላችንም ጋ አለ፣ ፕሌጃሪዝም ሶፍትዌሩም አይይዘውም። ከዛ ቀጥሎ ኢማሙ ማሊክ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹን አላውቅም ብለው ይመልሱ እንደነበር ጠቅሶ የቴሲስ መከላከያ ላይ አላውቅም ያለ ተማሪ አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። አንዱ ቢል ያሳልፉታል ወይ ብሎ ጠየቀው፣ መልስ የለም።

22 በኤአይ ቴሲስ ማጻፍ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ፣ 23 ሐራም ነው፣ በቃ ብሎ ጨረሰው፣ 24 ደግሞ ለ23 አንተ ራስህ ይሄንን ፖስት በኤአይ ነው ያስተካከልከው፣ ይታያል አለው። ከዛ ወዲያ አስር ያህል መስመር ማን በምን ጻፈ የሚል ጭቅጭቅ ነው፣ ዝለሉት። ከመሃሉ የሚረባው 24 ያላት ነገር ናት፣ የተጠቀምክበትን ከተናገርክና ተቋሙ ከፈቀደ መሣሪያ ነው፣ ከደበቅክ ያው የአስማእ ሐዲስ ላይ ያለው ልብስ ነው፣ 9 የጠቀሰው።

መልስ 25 ላይ 7 ራሷ ተመልሳ መጣች። ለ12 ዱዓ አድርጋ፣ 11 የዘረዘረውን መመዘኛ ይዛ በትህትና ኢሜል እንደጻፈች፣ ለአማካሪዋም ለጆርናሉ ኤዲተርም፣ የቀዳቻቸው ፋይሎችና የረቂቆቹ ቀን እጇ ላይ እንዳለ ነገረችን። 10 ከስሩ አላህ ያግራልሽ ብሎ ጽፏል፣ ከልቡ ይሁን አይሁን ልቡን ቀጄ አላየሁም።

መልስ 26 ትናንት ማታ ነው የገባው፣ እስካሁን ማንም አልመለሰለትም። ድሮ ባልሠራበት ፔፐር ላይ ስሙ ገብቶለት በዛ ማዕረግ አግኝቷል፣ የደሞዝ ጭማሪውም እስከ ዛሬ ይመጣለታል። ተውበት ላይ የሰው ሐቅ ካለ ሐቁን መመለስ ግድ እንደሆነ ያውቃል፣ ግን ለማን ነው የሚመልሰው? ስሙ ከፔፐሩ ለወጣው ልጅ ነው፣ ለጆርናሉ ነው፣ ደሞዝ ለሚከፍለው ተቋም ነው? ልጁንም የት እንደሄደ አያውቀውም። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ዝም ብዬ በግምት አልመልስለትም። ኢልሙ ያለው ሰው ካለ እዚሁ ከስር ይጻፍለት፣ 9 እና 10 ግን እባካችሁ እዚህኛው ላይ አትጣሉ።